«የአያትዎን ብር በ10 ደቂቃ ያብሩት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ካለፈው መስከረም ወዲህ «የአያትዎን ብር በ10 ደቂቃ ያብሩት» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል። ከአራቱ አንዱ እዚህ ደብረ ብርሃን የጎረቤቴ ልጅ ሲሆን፣ ጽሑፉን በላከልኝ በማግስቱ ያነበበውን ሠርቶበት፣ የአያቱን የምኒልክ ብር በአመድ አሽቶ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ መስታወት አላስመሰልኩትም?» አለኝ። መስታወት መምሰሉስ መስሏል። በአጉሊ መነጽር ስመለከተው ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭ ጀምሮ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» እስከሚለው ጽሕፈት ድረስ የእጁን አዟዟር የተከተለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቶታል፤ በጀርባው በኩል ደግሞ በአንበሳው ጎፈር ላይ የትኛው መስመር የቀራጩ፣ የትኛው የአመዱ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ የባሰ ነገር አድርጌያለሁና። ምላሼ ለጽሑፉ ነው።

በቅድሚያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ ላቅርብ። ጸሐፊው፣ በየሳጥኑና በየሙዳዩ ተረስተው የጠቆሩ የድሮ ብሮችና ሳንቲሞች ዋጋቸውን ያጡት ባለቤቶቻቸው ስለማያጸዷቸው ብቻ እንደሆነ፣ ቢያበሯቸው ግን ገዢ እጥፍ እንደሚከፍልባቸው በመግለጽ ይጀምራሉ። ማጽጃውም ከጓዳ አይርቅም ይላሉ፤ ሎሚ፣ ጨው፣ አመድና እንዶድ «ተፈጥሯዊ ስለሆኑ ጉዳት የላቸውም»፤ እድፉ እምቢ ካለም በረኪናና አቼቶ ቀላቅሎ መዘፍዘፍ ነው። ቀጥለውም ብርና መዳብ በባሕርያቸው ጀርም ስለሚገድሉ የቆሸሸ ሳንቲም ለጤና እንደማያሰጋ፣ ታሽቶ የነጣ ብር እውነተኛ፣ አረንጓዴ ያወጣ ደግሞ ሐሰተኛ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ከማሳ ወይም ከፍርስራሽ የተገኘ ሳንቲም በዚሁ መንገድ ታጥቦ ለገበያ ሊቀርብ እንደሚችል ያስረዳሉ።

ትክክል የሆኑባቸውንም መካድ አይገባም። በአሸዋ ወረቀትና በድስት ማጠቢያ ሽቦ አትፈትጉ ማለታቸው፣ ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ ማለታቸው፣ በደንብ ያልደረቀ ሳንቲም ወደ ሳጥን አይመለስ ማለታቸው የሚመሰገን ምክር ነው። ቅርስ ተረስቶ መቅረት የለበትም የሚለው ቁጭታቸውም የእኔ ቁጭት ነው። የምንለያየው «ማጽዳት» በሚለው አንድ ቃል ላይ ነው።

በአሮጌ ሳንቲም ላይ የምናየው ነገር ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ጸሐፊው ሁለቱንም «ቆሻሻ» ብለው በአንድ ስም ጠርተዋቸዋል። አንደኛው ከላይ ያረፈ ነው፤ ጭቃ፣ ጥቀርሻ፣ የእጅ ወዝ፣ ቅቤ፣ ሻጋታ፣ የአይጥ ኩስ። ሁለተኛው ከሳንቲሙ ከራሱ የበቀለ ነው። ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋሕዶ ነው፤ በመንዝና በጠራ ደጋ ኩበት በሚነድበት ቤት ለሃምሳ ዓመት የተቀመጠ ጠገራ ብር እንደ ምጣድ ጀርባ የሚጠቁረውም በጭሱ ውስጥ ድኝ ስላለ ነው። ያ ጥቁረት ከውጭ የመጣ ቀለም ሳይሆን መልኩን የለወጠ ብር ስለሆነ፣ ፍቆ የሚያነሣው ሰው የሚያነሣው ብሩን ነው። የመዳብ ሳንቲም ቡናማ መልክም እንደዚሁ የመዳቡ ቆዳ ነው። ከላይ ያረፈውን ማጠብ ይቻላል፣ አንዳንዴም ግዴታ ነው፤ ከራሱ የበቀለውን ግን መግፈፍ ማጽዳት ሊባል አይችልም።

አሁን ወደ ዋጋው ነገር እንምጣ። «ገዢ እጥፍ ይከፍላል» ሲባል የትኛው ገዢ? አቅልጦ ጌጥ ሊሠራበት የሚገዛ አንጥረኛ የሚመለከተው ሚዛኑን ነው፤ ለእርሱ የጠቆረውም የበራውም አንድ ሲሆን፣ የታሸው እንዲያውም በትንሹም ቢሆን ቀልሏል። ሰብሳቢ ደግሞ የሚፈልገው ያልተነካውን ነው፤ በውጭ አገር ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ክፉኛ የታሸ ሳንቲም ሲመጣላቸው መደበኛውን የደረጃ ቁጥር ነፍገው «ተፈትጓል» የሚል ማስታወሻ ጽፈው ይመልሱታል። የቀረው መንገደኛ ቱሪስት ነው፤ እርሱ ለብልጭታ ቢከፍል አይገርምም፣ ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ።

ሌላም የምሰጣቸው ነጥብ አለ። በቤታችን ከሚገኙት አሮጌ ብሮች አብዛኞቹ ማርትሬዛ፣ ማለትም የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባቸው ጠገራ ብሮች ናቸው፤ ማርትሬዛ ደግሞ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት ቢጻፍበትም ሁሉም ያን ያህል ያረጀ አይደለም። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ታትሟል፤ ጣሊያን እንኳ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ማተሚያውን በ1935 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያ ወስዳ በገዛ አገሯ አትማዋለች። ስለዚህ ጆሮ ተበጅቶለት ለአንገት ጌጥ የዋለ ተራ ማርትሬዛ ቢታሽ ዓለም አይገለበጥም። ነገር ግን አንዱን እትም ከሌላው የሚለዩት ጥቃቅን ምልክቶች፣ ለምሳሌ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥና ዙሪያው ያሉት እንቁዎች፣ በመታሸት መጀመሪያ የሚጠፉት ናቸው። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ የቀድሞ መንገደኞች ጽፈው እንዳቆዩልን በገበያ ላይ እንቁዎቹን ቆጥሮ፣ ያልጣመውን ብር አልቀበልም ብሎ የሚመልስ ሻጭ ብዙ ነበር። የምኒልክ ብር ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ታትሞ የወጣው ብር ከነአላዱ (ግማሽ ብሩ)፣ ከነሩቡና ከነተሙኑ (የብር ስምንተኛው) እንደ ማርትሬዛ በየጊዜው ያልታተመ ስለሆነ፣ አንዱ በተበላሸ ቁጥር የሚቀረው አንድ ያንሳል።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው አባባል ከሳንቲም አልፎ ብዙ ቤት ያፈረሰ ሐሳብ ነው። የቁልቋል ወተትም ተፈጥሯዊ ነው፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን ከብት ጠብቆ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሎሚ አሲድ ነው። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ሲመዝን ከስድስት እጅ አምስቱ ብር፣ አንዱ መዳብ ነው፤ ሎሚው ብሩን ትቶ መዳቡን ከላይኛው ገጽ እየለቀመ ይበላል። «ነጣ» የምንለው ይህ ባዶ የቀረ ስስ የብር ገጽ ነው። ጨው ሲጨመርበት ክሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር በመዳቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል፤ ጉዳቱ በዕለቱ ሳይታይ በክረምት እርጥበት ይፈነዳል። አመድ ደግሞ ሁለት ክፋት አለው፤ ደቃቅ አሸዋ የተቀላቀለበት ስለሆነ ይፍቃል፣ ውኃ ሲነካውም እንደ ኃይለኛ ሳሙና እጅ ይልጣል። የጥርስ ሳሙናም የሚፈትግ ዱቄት አለበትና ከአመድ ብዙ አይሻልም።

ይህን በወሬ እንዳልተው በ1936 ዓ.ም. የተቀረጸ፣ ብዙ ዋጋ የሌለው የ5 ሳንቲም መዳብ ወስጄ ግማሹን ብቻ በሎሚና በጨው ነከርኩት። ከ10 ደቂቃ በኋላ የተነከረው ግማሽ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ሆነ፤ ቡናማው ግማሽ ላይ የአንበሳው ጥፍር ሳይቀር ይታያል፣ ሮዙ ላይ ግን እግሩ ከጀርባው ገጽ ጋር ተመሳስሎ ጠፋ። በውኃ አለቅልቄ መስኮት ላይ ተውኩት። ወሩ ሐምሌ ነበርና ብዙም ሳይቆይ በሮዙ ክፍል ላይ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣ፤ ያልተነካው ግማሽ እስከ ዛሬ እንደነበረ አለ። «ኩል እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች» እንዲሉ።

እንዶድን ከእነዚህ ጋር መደመራቸው ትንሽ አድልዎ አለበት፤ እንዶድ ከሎሚም ከአመድም የዋህ ነው፣ አሲድ አይደለም፣ ቅባትና ወዝ ያነሣል። ጋቢያችንን ሲያነጣ ኖሯል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት ይኸው እንዶድ ነው። ሳንቲም በእንዶድ የሚያጥብ ሰው ፍሬውንና ገለባውን በጨርቅ አጥልሎ አረፋውን ብቻ ይጠቀም፤ ዓይኑንና አፍንጫውንም ይጠብቅ፣ ያቃጥላልና። በጓዳ ፈሳሽ ሳሙና እያለ ግን ለምን እንደሚለፋ አይገባኝም።

በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ቀልድ የምቃወመው በረኪናና አቼቶ ቀላቅሉ የሚለውን ነው። ይህ ስለ ሳንቲም የሚደረግ ክርክር ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በረኪና ከማንኛውም አሲድ ጋር፣ አቼቶም ይሁን ሎሚ ወይም የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሕፃናት በሚጫወቱበትና ሰው ሳፋ ላይ አጎንብሶ በሚያጥብበት ከፍታ ማለት ነው። ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ሳል ያስነሣል፣ ሲበዛም ሳንባን ውኃ ያስቋጥራል። ጸሐፊው የቆላ ሰው ከሆኑ ምናልባት ደጅ ላይ አስበውት ይሆናል፤ እኛ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በርና መስኮት ዘግተን የምንውል ሰዎች ነን። ቀላቅሎ ማሳልና ማነቅ የጀመረው ሰው ቢኖር ሳፋውን ለመድፋት ሳይሞክር ወዲያው ወደ ውጭ ወጥቶ ንጹሕ አየር ያግኝ፣ ሳሉ ካልተወውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ስለ ሳንቲሙ እንናገር ከተባለም በረኪና ለብቻው ብርን ያጠቁራል፣ መዳብን ይበላል፤ የተፈለገውን እንኳ አያደርግም።

ጽሑፉ በግርጌው በፎይልና በቤኪንግ ሶዳ ስለሚሠራው ዘዴም አንድ መስመር ጽፏል። ከተነሡት ሁሉ ሻል የሚለው ይህ መሆኑን እመሰክራለሁ፤ በፍል ውኃ ውስጥ ድኙ ብሩን ለቅቆ ከአሉሚኒየሙ ጋር ስለሚሄድ ብሩ አይፋቅም። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የዚሁ ምልክት ነው፣ መስኮት ይከፈት። ሆኖም የሚመለሰው ብር ፈዛዛና ስፖንጅ መሰል ስለሚሆን፣ ለሚታሰር ጌጥ ካልሆነ በቀር ለሚጠበቅ ሳንቲም አልመክረውም፤ ለመዳብማ ፈጽሞ አይሆንም።

ስለ ጀርም የተባለው ደግሞ ግማሽ እውነት ስለሆነ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ያሳስታል። መዳብ ባክቴሪያ እንደሚገድል የተረጋገጠ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የመዳብ ቅይጦች በ2 ሰዓት ውስጥ ከ99.9 በመቶ በላይ ባክቴሪያ እንደሚገድሉ መዝግቧል። ነገር ግን መዝገቡ የሚናገረው ቢያንስ 60 በመቶ መዳብ ስላላቸውና አዘውትረው ስለሚጸዱ ገጾች ነው። ማርትሬዛ ውስጥ ያለው መዳብ 17 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በላዩ ላይ ቅባትና ጭቃ ከተጋገረም ጀርሙ ብረቱን ሳይነካ ከላይ ይኖራል። በአፈርና በፍግ ውስጥ ያለው የመንጋጋ ቆልፍ ዘር ደግሞ በቀላሉ የማይሞት ነው። ስለዚህ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጓንት ማድረግ አለበት። ሕፃን ሳንቲም አፉ ውስጥ እንዲያደርግ መፍቀድ ደግሞ በጀርሙም ባይሆን በመታነቁ፣ በአረንጓዴው የመዳብ ዝገት መርዝነትና የሳንቲሙን ማንጠልጠያ ጆሮ ለማያያዝ በዋለው ብየዳ ውስጥ ሊኖር በሚችለው እርሳስ ምክንያት የማይሞከር ነው።

ጽሑፉ ስለ ብክለት ይህን ያህል ሲያወራ በእኛ አገር ዋነኛ የሆነውን አልነካውም። ብር የሚደበቀው የት ነው? በጎታ ውስጥ፣ ከእህሉ ሥር። ዛሬ ደግሞ ለነቀዝ ተብሎ በየጎታው የሚጨመረው ክኒን አለ፤ ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል፣ ጋዙም መዳብንና ብርን ሳይቀር ያጠቁራል። ከጎታ የወጣ ብር ላይ ግራጫ ዱቄት የተለጠፈ ከሆነ ሰው በማይተኛበትና ከብት በማይደርስበት ቦታ፣ ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር ለቀናት አየር ላይ መተው እንጂ፣ ቤት ውስጥ አምጥቶ ውኃ ውስጥ መንከር ትልቅ ስሕተት ነው። ማሽተትም አይገባም። በአይጥ ኩስ ለተበከለው ደግሞ ኩሱን በደረቁ አለመጥረግ፣ ማስክ ማድረግ፣ ሳጥኑን በተበረዘ በረኪና ማጽዳት ይገባል፤ በረኪና ቦታው እዚህ ነው፣ ሳጥኑ ላይ። ሳንቲሙ ተለይቶ በሳሙና ከታጠበ በኋላ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ለብረቱ አይጎዳም፤ ብቻ ከሰል ምድጃ አጠገብ አይሁን።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው በመፈተግ እንለያለን የሚለው ፍርድ ከላይ በጻፍኩት ስሌት ብቻ ይፈርሳል። በእያንዳንዱ ማርትሬዛ ውስጥ ከ4 ግራም ተኩል በላይ መዳብ አለ፤ ስለዚህ ማርትሬዛ አረንጓዴ ማውጣቱ እናቱን መምሰሉ ነው። በአንጻሩ ብር የተቀባ ነሐስ ሲታሽ ይነጣል፤ መዳብ የበዛበት ርካሽ ቅይጥም በእሳት ተግሎ በአሲድ ቢነከር ላዩ ነጭ ይሆናል። እኔ በልጅነቴ የአያቴን ተሙን ፍም ላይ የጣልኩት አንጥረኛ ሲያደርግ አይቼ ነበር። ጠቁሮ ወጣ፤ በሎሚ ሳሸው እንደ ወተት ነጣ፤ ደስ ብሎኝ ለአያቴ ባሳያት ለረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችውና «የማን ነው?» አለችኝ።

ሳይፈትጉ መለየት ይቻላል። የወርቅ ሚዛን ያለው ሰው መጀመሪያ ሳንቲሙን ይመዝን፤ ማርትሬዛም የምኒልክ ብርም 28 ግራም ከትንሽ ፍርፋሪ ነው፣ በአገልግሎት ያለቀው ጥቂት ይቀንሳል። ቀጥሎ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልስ፤ ከዚያ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ የብርጭቆውን ሥርና ጎን ሳያስነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያጥልቀው። ሚዛኑ ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም ካነበበ የብሩ ቅይጥ ትክክለኛ ክብደት አለው፤ ነሐስ ከሆነ ወደ 3.3 ይጠጋል። ጆሮ የተበየደለት ብር በዚህ አይመዘንም እንጂ፣ ለሌላው አንድም ጭረት ሳያተርፍ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

የመጨረሻው ከመሬት ስለወጣ ሳንቲም የተባለው ነው። ከአፈር የወጣ ሳንቲም ከሙዳይ እንደወጣው አይደለም፤ አንዳንድ የአክሱም የብርና የነሐስ ሳንቲሞች በንጉሡ ራስ ዙሪያ በስስ ወርቅ የተለበጡ ናቸው፣ አሲድ ከወርቁ ሥር ያለውን ነሐስ ሲበላ ወርቁ እንደ ቅርፊት ይራገፋል። የእኛም ሰሜን ሸዋ ባዶ መሬት አይደለም፤ በይፋት እንደ ኖራ ያሉ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ፣ በመንዝ እንደ መሻለ ማርያም ያሉ ጥንታዊ የመቃብር ጉብታዎች በተመራማሪዎች ተቆፍረው ተጠንተዋል። በእንዲህ ዓይነት ስፍራ የተገኘ ሳንቲም ምን ያህል ጥልቀት ላይ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ካልታወቀ ግማሽ ታሪኩ ጠፍቷል። ከዚህም በላይ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ «ታጥቦ ለገበያ» የሚለው ምክር አንባቢን ወደ ወንጀል የሚመራ ስለሆነ ጸሐፊው ይህን ክፍል ቢያወጡት እመክራለሁ።

ታዲያ አንተ እንዴት ታጥባለህ የሚለኝ ይኖራል። ባለፈው ጥቅምት አንኮበር አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሳለ ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሰባት ሳንቲም መደቡ ላይ ዘረገፉ፤ አራት ማርትሬዛ፣ አንድ አላድ፣ ሁለት የመዳብ 5 ሳንቲም። የቅቤና የጥቀርሻ ቅርፊት ለብሰዋል። ይዤው የሄድኩት ከጋራዥ ሰፈር የገዛሁት የባትሪ ዲስትልድ ውኃ ነበር፤ የሚገዛ ሰው ዕቃው ላይ ያለውን አይቶ ይግዛ፣ በተመሳሳይ ጀሪካን አጠገቡ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ነውና። ንጹሕ የዝናብ ውኃም ይሆናል። በፕላስቲክ ሳህን ሥር ለስላሳ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ለብ ያለ ውኃ ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨመርኩ፣ አንድ አንድ እያልኩ ከጠርዛቸው ይዤ አስገባኋቸው። እርስ በርስ አይነካኩም፤ አይታሹም። ውኃው የጠላ ድፍድፍ ሲመስል ደፍቼ ለወጥኩ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ያለ ሳሙና አለቀለቅኩ፣ በጥጥ ጨርቅ ሳልጠርግ ጫን ጫን እያደረግኩ ውኃውን አስመጠጥኩና እሳቱ አጠገብ ሳይሆን ጭስ በሌለበት አየር ላይ አሰጣኋቸው። ቅርፊቱ ሲለቅ የአላዱ አንበሳ የያዘው በትረ መስቀል ከነሪባኑ ወጣ። ጥቁረቱ ግን እንዳለ ነው፤ አክስቴም «አልነጣምኮ» አሉኝ። ታጥቧል እንጂ እንዲነጣ አላሰብኩም አልኳቸው።

ከሁለቱ የመዳብ ሳንቲሞች አንደኛው ላይ ብሩሽ ሲነካው እንደ ዱቄት የሚበን፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነበረበት። ጠንካራና ለስላሳ የሆነው ጠቆር ያለ አረንጓዴ አይጎዳም፤ የሚበነው ግን ሰዎች «የነሐስ በሽታ» የሚሉት ነው፣ ክሎራይዱ ከእርጥበትና ከአየር ጋር እየሠራ መዳቡን ከውስጥ የሚበላ። እርጥበት ከ40 በመቶ ብዙም ካላለፈ ይተኛል። መድኃኒቱ በባለሙያ እጅ እንጂ በጓዳ አይሠራም፤ እኔ ያደረግኩት ሳንቲሙን በደንብ አድርቄ፣ አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ ከሚመጡት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሁለቱን ጨምሬ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ለብቻው መዝጋት ነበር። ሌሎቹን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ ለስላሳ የቪኒል ኪስ ያለው የካርድ መያዣ ሊሰጡኝ ነበር፣ ያ ፕላስቲክ ሲያረጅ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያወጣልና አልተቀበልኩም።

«ይህን ለምን ነጠልከው?» አሉኝ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው እያዩ።

«ታሟል እትዬ፤ ከሌሎቹ ጋር አያስሩት።»

«ሳንቲምም ይታመማል?» ብለው ስድስቱን መቀነታቸው ጫፍ ላይ መልሰው ቋጠሩና፣ ጠርሙሱን ጭስ ከማይደርስበት ከመስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት።